ግልጽ ደብዳቤ፦ የምትልኩልን ፋይል ከቢሮአችሁ ውጭም ይነበብ

ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የመዝገብ ቤትና የአይሲቲ ኃላፊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ለባለጉዳይ የሚላኩና በመዝገብ የሚቀመጡ ጽሑፎች የፋይል ዓይነት

የአክብሮት ሰላምታዬን አስቀድማለሁ።

ፍርድ ቤት አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ በኮምፒውተር ጽሕፈትና በኮፒ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። አቤቱታ፣ ውል፣ ማመልከቻ፣ የጨረታ ሰነድ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ ሁሉም በእጄ አልፏል። ከእናንተ ቢሮ የወጣ ፋይል በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ተይዞ ሲመጣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምከፍተው እኔ ነኝ። ፋይሉ እናንተ ዘንድ ሳለ ያምራል፤ ደጅ ከወጣ በኋላ የሚደርስበትን ግን እናንተ አታዩትም፣ እኔ አያለሁ። የምጽፍላችሁም ያየሁትን እንድታዩልኝ ብዬ ነው።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ አንድ አዛውንት መጡ። በእጃቸው በላስቲክ የተጠቀለለች ፍላሽ ይዘዋል። በ1994 ዓ.ም. የተያዘ አንድ ቃለ ጉባኤ ላይ ስማቸው አለ፤ ጉዳያቸውን የሚያስጨርስላቸው እሱ ብቻ ነው። የወረቀቱ ቅጂ የተቀመጠበት ክፍል ጣራው አፍስሶ ፋይሉ ሁሉ በስብሷል። ደግነቱ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ፈልጋ አገኘችውና በፍላሽ ገልብጣ ሰጠቻቸው። እግዜር ይስጣት፣ ግዴታዋ አልነበረም። «ግን ፋይሉ የተበላሸ ይመስላል አባባ» ብላቸዋለች።

ስከፍተው የላቲን ፊደል፣ በላዩ ላይ ነጠብጣብና ጭረት የተጫነበት አናባቢ፣ የመቶኛ ምልክት፣ ቅንፍ፣ ሁሉም ተደባልቆ ሦስት ገጽ ሞልቷል። አዛውንቱ መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን ትክ ብለው አዩና «ልጄ፣ ይሄ ፈረንጅኛ ነው እንዴ? የእኛ ስብሰባ እኮ በአማርኛ ነበር» አሉኝ።

ፋይሉ አልተበላሸም ነበር። ጽሑፉን መርጬ ላይኛው የፎንት ሳጥን ላይ ሳይ የአንድ አሮጌ የአማርኛ ፎንት ስም ተጽፎበታል። መሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮቹን ፎርማት ሲያስደርግ ፎንቱ አብሮ ጠፍቷል፤ ማንም ልብ አላለውም። እኔ ዘንድ ያ ፎንት ያለበት ሲዲ ነበር። ጫንኩትና ፋይሉን እንደገና ከፈትኩት። ሦስቱም ገጽ በአንድ ጊዜ አማርኛ ሆነ። ተራ ቁጥር 17 ላይ የአዛውንቱ ስም ከነአባታቸው አለ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ስማቸውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

ሲዲው ባይኖረኝስ? ወይም ፋይሉን ያየው ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ቢያጠፋውስ? እንዲህ ያለ ፋይል በየመሥሪያ ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ስንት አለ? ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይኼው ነው፤ መዝገቡ አለ፣ የሚያነበው የለም።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ልናገር፤ ምክንያቱን ካላወቅነው መፍትሔ ብለን የምናመጣው ነገር ራሱ ጥፋት ሊያስከትል ይችላል። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ዝርዝር፣ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው ዕትም ነው። ከዚያ በፊት ኮምፒውተር ውስጥ የአማርኛ «ሀ» የሚባል ነገር አልነበረም። እነ ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን የሠሩ ባለሙያዎች በራሳችን ፊደል እንድንጽፍ ያደረጉን ለላቲን የተሰጠውን ቦታ ተበድረው ነው፤ ውለታቸው ከባድ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ምልክት ሲሆን ፎንቱ ደግሞ በዚያ ምልክት ፈንታ የአማርኛ ፊደል ይሥላል። አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው 256 ቦታ ነበር፤ ፊደላችን ከነዲቃሎቹ፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 ይበልጣል። ስለዚህ አንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት አከፋፈለው፣ ሌላው ከቁርጥራጭ ገጣጠመው። ሁሉም በየራሱ መንገድ ሄደ። አንዱ «መ» ያለበትን ቦታ ሌላው ለሌላ ፊደል ተጠቀመበት።

እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። በእነዚህ አሮጌ ፋይሎች የፎንቱ ስም ለውበት የተቀመጠ አይደለም፤ የጽሑፉ ቁልፍ ነው። የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚነግረን እሱ ብቻ ነው። አንድ ሠራተኛ «ለሁሉም እንዲከፈት» ብሎ አሮጌውን የዎርድ ፋይል ፎርማቲንግ ወደሌለው ተራ ጽሑፍ ቢቀይረውና ዋናውን ቢያጠፋው ቁልፉን ጣለው ማለት ነው። በአማርኛው መሀል የገቡ የእንግሊዝኛ ቃላት ካሉ ደግሞ የባሰ ነው፤ የትኛው ላቲን እውነተኛ ላቲን፣ የትኛው የተደበቀ አማርኛ እንደሆነ መለያው ጠፍቷል። ይህን በቅን ልቡና ሲያደርጉ ያየኋቸው ሰዎች አሉ። ስለዚህ ወደ ዩኒኮድ በትክክል እስኪዛወርና ሰው ገጽ በገጽ እስኪያመሳክረው ድረስ ዋናው ፋይል፣ ፎንቱም አብሮት፣ ይቀመጥ። ከተዛወረ በኋላም ባታጠፉት እመርጣለሁ። አንድ ቃለ ጉባኤ ስንት ቦታ ይይዛል?

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ። እኛ አገር «ፎርማት» ሲባል ኮምፒውተሩ ተጠርጎ ዊንዶው እንደ አዲስ መጫኑ ስለሆነ ነገሩ እንዳይምታታ «የፋይል ዓይነት» እያልኩ እቀጥላለሁ። አንድ ጽሑፍ ሦስት ሁኔታ አለው፤ እንደ ልብስ ብታዩት ይቀላል። የዘወትሩ፣ የመንገዱና የክቱ ይለያያሉ። የዘወትሩ ሠራተኛው የሚጽፍበት፣ የሚሰርዝበት፣ አለቃው በጎን አስተያየት የሚያሰፍርበት፣ ፕሮግራሙ ራሱ የሚወደው የፋይል ዓይነት ነው። በዚህ ማንም አይገባባችሁም፣ በፈለጋችሁት ጻፉ። የመንገዱ ሌላ ሰው በሌላ ፕሮግራም ከፍቶ እንዲሞላው ወይም እንዲያርመው የምትልኩት ነው። የክቱ ካለቀ፣ ከተፈረመና ከተቆጠረ በኋላ ማንም ሳይነካው ለዓመታት የሚቀመጠው ነው። የእኛ ችግር ሦስቱንም በአንድ ልብስ መውጣታችን ነው። የዘወትሩን ለመንገድ እናወጣዋለን፣ እሱኑ መልሰን ሣጥን ውስጥ እንከተዋለን።

ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ሞከርኩ። «ሰላም» የምትል አንዲት ቃል ጻፍኩና በተለያየ ዓይነት ሴቭ አደረግኳት። ከዚያ ፋይሎቹን በዎርድ ሳይሆን በተራው ኖትፓድ ከፈትኳቸው። በአሮጌው የዎርድ ዓይነት፣ ዶክ በሚባለው፣ የተቀመጠው ለዓይን ትርጉም በሌለው ምልክት የተሞላ ነው፤ ዎርድን የሚያውቅ ፕሮግራም ካላስነበበኝ በቀር ቃሌን ላገኛት አልቻልኩም። ቀጥዬ አርቲኤፍን ከፈትኩ። አርቲኤፍ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1987 ጽሑፍ ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላው ከነድምቀቱና ከነመስመሩ እንዲሻገር ብሎ ያወጣው ነው። እዚያ ውስጥ በብዙ ትእዛዝ መሀል 4656፣ 4619፣ 4637 የሚሉ ሦስት ቁጥሮች አገኘሁ። ሰ፣ ላ፣ ም ናቸው፤ የዩኒኮድ ቁጥራቸው ነው። ከየቁጥሩ ጎን ደግሞ ጥያቄ ምልክት አለች። ቁጥሩን ማንበብ የማይችል ፕሮግራም ቢያጋጥም በፊደሉ ፈንታ የሚያሳያት ምትክ እሷ ናት። ባለጉዳዮች «አማርኛው ሁሉ ጥያቄ ምልክት ሆነብኝ» እያሉ የሚያመጧቸው አንዳንድ ፋይሎች ምስጢራቸው ይኼ ነበር።

ዶክኤክስ የሚባለውን፣ ከዎርድ 2007 ወዲህ የምንጠቀምበትን፣ ቅጂውን ስሙን ወደ ዚፕ ቀይሬ ፈታሁት። እንደ ሻንጣ ተከፈተ። ውስጡ ካሉት ፋይሎች ዋናውን በኖትፓድ ሳየው በኤክስኤምኤል ምልክቶች መሀል «ሰላም» በራሷ ፊደል ተቀምጣለች። ኦዲቲ የሚባለውን፣ ሊብሬኦፊስ የተባለው ነፃ የጽሕፈት ፕሮግራም የራሱ የሆነውን ዓይነት፣ ስፈታውም እንዲሁ። ዎርድ የሚባል ፕሮግራም ከምድር ቢጠፋ እንኳ እነዚህን ሁለቱን አንድ ጎበዝ ልጅ በግማሽ ቀን ያነባቸዋል። እናንተም ሞክሩት፤ ማንኛውንም ማብራሪያ ከማንበብ ይበልጣል።

ታዲያ ለመንገድ የትኛው ይሻላል? አርቲኤፍ ለብዙ ዓመት ጥሩ መንገደኛ ነበር፤ አሁንም የፎንቱን ስም ይዞ ስለሚሄድ ከአሮጌ ፋይል ወደ ዩኒኮድ በሚደረግ ዝውውር መሀል ያገለግላል። ነገር ግን ከእ.ኤ.አ. 2008 ወዲህ አዲስ ዝርዝር አልወጣለትም፤ ያለ ዎርድ ይከፍተው የነበረው ዎርድፓድም ከ2024ቱ የዊንዶው 11 ዕትም ላይ ተነሥቷል። ለአዲስ ሥራ አልመርጠውም። ኦዲቲ ኦዲኤፍ ከሚባለው ቤተሰብ ነው። ኦዲኤፍ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል፣ የማንም አንድ ኩባንያ ንብረት አይደለም፣ ዎርድም ከ2009 ጀምሮ ይከፍተዋል፣ ሴቭም ያደርገዋል። ዶክኤክስም እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ አግኝቷል። ዝርዝሩ መጀመሪያ ሲወጣ ወደ 6,000 ገጽ የሚጠጋ ስለነበር ሌሎች ፕሮግራሞች ሙሉ በሙሉ አስመስለው ማሳየት ይከብዳቸዋል። የእኔ ምርጫ ኦዲቲ ነው። ሆኖም አገራችን ውስጥ የሠራተኛው እጅ የለመደው ዶክኤክስን እንደሆነ አውቃለሁ፤ በዩኒኮድ ከተጻፈና ቀለል ባለ አቀማመጥ ከተዘጋጀ አልጣላውም። የምለምናችሁ አሮጌውን ዶክ ለሰው መላክ እንድታቆሙ ነው።

«ሁሉም ሰው ዎርድ አለው» የሚለኝ አይጠፋም። የለውም። ወደ እኔ ከሚመጡት ብዙዎቹ ያላቸው ስልክ ነው፤ የላካችሁትን ቅጽ መጀመሪያ የሚከፍቱት ቴሌግራም ላይ ተጭነው ነው። ልጁ ጅዳ ወይም ዋሽንግተን ያለ አባት የውክልና ረቂቅ ይልክለታል፤ ልጁ በስልኩ ወይም በማክ ይከፍተዋል። ዩኒኮድ ከሆነ ፎንቱ ቢለያይም ፊደሉ ይነበባል፤ የሚዛባው መልኩ ብቻ ነው። መልኩም ቢሆን ዋጋ አለው። ለምሳሌ ከዊንዶው ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ የሚባለው ፎንት በዊንዶው 10 ላይ ለብቻው ካልተጫነ የለም። በኒያላ የጻፋችሁት ውል እሱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ሌላ ፎንት ይተካበታል፣ መስመሩ ይረዝማል ወይም ያጥራል፣ ገጽ 4 ላይ የነበረው አንቀጽ ገጽ 5 ላይ ያርፋል። በገጽ ቁጥር የሚጠቅስ ሰነድ ላይ ደግሞ ይህ ክርክር ያስነሳል። ስለዚህ በነፃ ከሚገኙት እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ካሉት አንዱን መርጣችሁ ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ አንድ አድርጉት። ዎርድ ላይ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አብሮ የሚከት ምርጫም አለ፤ ሴቭ በሚለው ክፍል ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ሌላው የምሰማው መልስ «እኛ ሁሉንም በፒዲኤፍ ነው የምንልከው» የሚል ነው። ለሚነበብ ነገር መልካም። ለሚሞላ ነገር ግን መከራ ነው። አንድ ወጣት ሥራ ተቋራጭ የጨረታ ዋጋ መሙያ ሠንጠረዥ ይዞልኝ መጣ፤ አሥራ አንድ ገጽ፣ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ስካን ተደርጎ ፒዲኤፍ የሆነ። ፎቶ ነው ማለት ነው፤ አንድ ፊደል መርጦ መገልበጥ አይቻልም። ማስረከቢያው በነጋታው አራት ሰዓት ስለነበር ሠንጠረዡን እንደ አዲስ እየጻፍኩ አመሸሁ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ስናመሳክር የአንድ ዕቃ ብዛት 150 የነበረውን 1500 ብዬ ጽፌው አገኘነው። ያን ሌሊት ዓይናችን ላይ ባይወድቅ ኖሮ ያ ልጅ በእኔ ጣት ይከስር ነበር። ሠንጠረዡ በኦዲቲ ወይም በዶክኤክስ አብሮ ቢላክ ማንም እንደገና አይጽፈውም፣ የእናንተም ሰነድ በሰው እጅ አይቀየርም።

የክቱ ግን ፒዲኤፍ መሆኑ ትክክል ነው፤ ማንኛውም ፒዲኤፍ ግን አይሆንም። ለመዝገብ የተለየ ዓይነት አለ፣ ፒዲኤፍ-ኤ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል። ፎንቱን ሁሉ በሆዱ ይዞ ይቀመጣል፣ በይለፍ ቃል መቆለፍ አይፈቅድም፣ ከውጭ የሚጠብቀው ነገር የለም። ዎርድም ሊብሬኦፊስም ያወጡታል፤ ፒዲኤፍ ሲደረግ ከሚከፈቱት ምርጫዎች ውስጥ አለ፣ አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ላይ ደግሞ «ዩ» የሚል ደረጃ አለ፤ እያንዳንዱ ፊደል የዩኒኮድ ቁጥሩን ይዞ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ፒዲኤፍ ሲሆን ለዓይን አማርኛ ይመስላል፤ ስም ጽፋችሁ ስትፈልጉ ግን አይገኝም፣ ገልብጣችሁ ስትለጥፉም ያው ፈረንጅኛ የሚመስለው ነገር ይመጣል። የሚነበብ እንጂ የማይፈለግ መዝገብ ትሠራላችሁ። ማኅተም ያለበትን ስካን አስቀምጡ፤ አጠገቡ ግን የደብዳቤው ቁጥርና ቀን በፋይሉ ስም ላይ ሰፍሮ ፒዲኤፍ-ኤው ይቀመጥ፣ ረቂቁ የተሠራበት ዋናው ፋይልም አብሮ ይኑር። ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየር ማን ምን እንዳረመና የጎን አስተያየቱ ይቀራልና።

ይህ አዲስ ፍልስፍና አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2014 ለሚታረሙ ሰነዶች ኦዲኤፍ፣ ለሚነበቡት ፒዲኤፍ-ኤ ወይም ድረ ገጽ እንዲሆን ወስኗል። ሀሳቡ አንድ ዜጋ ከመንግሥቱ ጋር ለመጻጻፍ የተወሰነ ፕሮግራም እንዲገዛ አይገደድ የሚል ነው። እኛም የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አለን፤ ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ሕጉ ዕውቅና የሰጠውን ነገር ባለጉዳዩ ከፍቶ ማንበብ ካልቻለ ዕውቅናው ለማን ነው?

እነሆ ልመናዬ። ከዛሬ ጀምሮ የሚጻፍ ሁሉ በዩኒኮድ ይሁን። ለባለጉዳይ የሚሞላ ቅጽ በፒዲኤፍ ብቻ አይላክ፤ የሚታረመው አብሮ ይላክ። መዝገብ የሚገባው በፒዲኤፍ-ኤ ይግባ። ኮምፒውተር ፎርማት ከመደረጉ በፊት የአይሲቲ ባለሙያው የፎንቶቹን ፎልደር ገልብጦ ያስቀምጥ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች ስንት ሰው እንደሚተርፍ ግን እኔ አይቻለሁ። አሮጌ ፋይል ተከፍቶ ፈረንጅኛ ሲመስል ደግሞ ማንም «ተበላሽቷል» ብሎ አያጥፋው፤ መጀመሪያ የፎንት ሳጥኑን ይይ።

በበኩሌ ያሉኝን አሮጌ የአማርኛ ፎንቶች ከነሲዲያቸው አስቀምጫለሁ። የማይነበብ ፋይል ያለበት መሥሪያ ቤት ባለሙያውን ቢልክልኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብሬው ቁጭ ብዬ እከፍትለታለሁ፤ ዋጋ አልጠይቅም። አዛውንቱ ያመጡት ቃለ ጉባኤም ወደ ዩኒኮድ ተዛውሮ፣ ገጽ በገጽ ተመሳክሮ፣ ዋናው ፋይልና ፎንቱ አብረውት ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በፍላሽ ተልኮላታል። ተራ ቁጥር 17 ላይ ያለውን ስም ፍለጋ ላይ ስትጽፈው አሁን ይመጣል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንዲት የኮምፒውተር ጸሐፊ
አዲስ አበባ